የእማዬ ጓሮ ጦም ሲያድር

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የእናቴ ግቢ አለ። ከቤቱ ጀርባ ወደ ወንዙ የሚያዘነብል መሬት አለው። 400 ካሬ ቢሆን ነው። እማዬ ይህን መሬት ከ30 ዓመት በላይ አርሳዋለች። በቆሎ፣ ድንች፣ ጎመን፣ አንዳንዴ ባቄላ ትዘራበት ነበር። ነሐሴ ላይ በቆሎው ሲደርስ እሸቱ ለሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን በረንዳ ላይ ጥዬ የምሮጠው ወደዚያ ጓሮ ነበር።

2011 ላይ የእማዬ ጉልበት እምቢ አለ። ቁልቁለቱን መውረድ ትችላለች፤ መውጣት ግን አቃታት። እኔ ሥራ አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምደርስላት። መሬቱ ግን ቅዳሜን አይጠብቅም። አንድ ክረምት ብቻ ሳይነካ ቆይቶ ከአጥሩ በላይ በቀለ።

የመጣልን ምክር ብዙ ነበር። አንዱ ሲሚንቶ አፍስሽበትና ለመኪና ማቆሚያ አከራዪው አለኝ። ሌላው እንደ ሆቴል ግቢ ምንጣፍ የመሰለ ሣር አስተክዪ አለ። ሲሚንቶውን ልቤ አልፈቀደም። ምንጣፍ ሣሩ ደግሞ በበጋ ውኃ፣ በክረምት በየሳምንቱ መከርከም ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለሣር የሚተርፍ የለንም።

እኔ የፈለግሁት መስክ ነበር። መስከረም ላይ በሱሉልታ መንገድ ያለፈ ሰው የምለው ይገባዋል። ማንም አያጠጣውም፣ ማንም አይኮተኩተውም፤ ግን አደይ አበባው፣ ማገጡ፣ ሰንበሌጡ በየዓመቱ በራሱ ይመጣል። ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ ድርቆሽ ይሆናል፣ አለቀ። ያንን ቁልቁል ወደ ቀበና ላምጣው አልኩ።

ለእማዬ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «እንዴት መሬት ጦሙን ያድራል?» አለችኝ። ለእሷ ያልተዘራ መሬት ነውር ነው። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን መሬቱ የሚያስፈልገው በእርግጥም ጦም እንደሆነ ገባኝ። እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። የእርሻ ቦታ ያላችሁ፣ የሚያርሰው ሰው ግን የደከመባችሁ ብዙ ትኖራላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁት ሁሉ ስህተት ነበር። ኅዳር 2012 በእንጦጦ ሥር ከሚኖሩ ዘመዶቼ ግቢ ሁለት ፌስታል ሙሉ የደረቀ የአደይ ራስ ሰበሰብኩ። ሰኔ ላይ መሬቱን በዶማ አስቆፈርኩ። ከዚያ፣ ይጠቅማል ብዬ፣ ላም ከምታረባ ጎረቤታችን የበሰበሰ እበት አስመጥቼ በተንኩበት። ዘሩን በላዩ ነሰነስኩ። ዝናቡ ሲጥል በደስታ በመስኮት እያየሁ ነበር።

ነሐሴ ላይ አመድማዶና አሉማ የሚባሉት አረሞች ከትከሻዬ በላይ ሆኑ። ሥሩ ጨለማ ነው። መስከረም ላይ እየገለጥኩ ገብቼ አደይ ፈለግሁ። ቆጠርኳቸው። ሰባት። እነሱም ብርሃን ፍለጋ ቀጥነው ረዝመው፣ በአናታቸው ላይ አንዳንድ አበባ ብቻ ይዘው ነበር።

አረሙን የሚያጭድ ሰው ፈለግሁ። የመጡት በሱሉልታ ሜዳ ሣር ሲያጭዱ የኖሩ አባት ናቸው። ማጭዳቸውን ሳያወጡ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ከአፈሩ አነሱ። በጣታቸው ፈተጉት። ጥቁር፣ ልስልስ፣ እንደ ቡና አተላ የረጠበ አፈር ነው። «ልጄ፣ ይሄ መሬት ጠግቧል» አሉኝ። «የጠገበ መሬት አረም ነው የሚሰጥሽ። የኛ መስክ እኮ ደሃ መሬት ነው። ደሃ ስለሆነ ነው አበባ የሚያበቅለው።»

ከሰማሁት ምክር ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። እስካሁን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምናገረውም እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ 30 ዓመት ሙሉ ለዚያ መሬት ስታበላው ኖራለች። እበት፣ አመድ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ ሲገኝ ዳፕና ዩሪያ የሚባሉት የፋብሪካ ማዳበሪያዎች። ለጎመንና ለበቆሎ ትክክል ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ምግብ ከሁሉ ቀድመው የሚሻሙት ፈጥነው የሚያድጉት አረሞች ናቸው። አመድማዶና አሉማ የእርሻ አረም የሆኑት የሰባ መሬት ስለሚወዱ ነው። አደይና ማገጥ ግን በጥቂት ምግብ ማደር ይችላሉ፤ የማይችሉት ጥላ ነው። ሌላው ከረዘመባቸው አለቀላቸው።

የሰባው መሬት ደግሞ በአንድ ዓመት አይከሳም። ከዩሪያ የሚገኘውን ናይትሮጅን ዝናቡ ቶሎ ያጥበዋል። ዳፕና እበት የሚተዉት ፎስፈረስ ግን አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ለዓመታት ይቆያል። እኔ የማውቀው የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው። የበቀለውን አጭዶ ከግቢ ማስወጣት፣ በቦታው ምንም አለመመለስ። መሬትን ማስጾም ይሏል ይህ ነው።

ስለዚህ 2013ን ሙሉ ለገብስ ሰጠሁት። ያለ ማዳበሪያ፣ ጠቅጠቅ አድርጌ ዘራሁ። ገብሱ መሬቱን ሸፍኖ አረሙን አፈነልኝ፤ በዚያው ከአፈሩ የበላውን ይዞልኝ ወጣ። ጭዱን ሳይቀር ለላም አርቢዋ ጎረቤታችን ሰጠሁ። እማዬ ደግሞ ደስ አላት፤ መሬቱ ታርሷላ! ገብሱን ቆልታ አስፈጭታ በሶ አደረገችው። እኔ አፈር እያስጾምኩ ነው፣ እሷ እህል እያስገባች ነው። ያን ዓመት ሁለታችንም የልባችን ደረሰ።

መሬታችሁ እንደኛ ብዙ ዓመት ማዳበሪያ የበላ ከሆነ ይህን ዓመት አትዝለሉት። ለብዙ ጊዜ ታርሶ የተጎዳ፣ ቀይና ጭንጫ ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም። ወደሚቀጥለው እለፉ።

የሚቀጥለው ሰርዶ ነው። ሰርዶ ለከብት ጥሩ ሣር ነው፤ አልጠላውም። ነገር ግን አዲስ በተዘራ መሬት ላይ ካለ ሁሉንም ይውጣል። ከመሬት በታች የሚሄደው ነጭ ግንዱ ቢቆራረጥ እንኳ እያንዳንዱ ቁራጭ ይበቅላል። በክረምት ከቆፈራችሁት እያባዛችሁት ነው። የሚነቀለው በበጋ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሁለት ሠራተኞች ይዤ ቆፈርን፤ ግንዱን በእጅ እየለቀምን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። 11 ማዳበሪያ ሞላ። (ከረጢቱን ማዳበሪያ ብለን የምንጠራው ለካ ማዳበሪያ የሚመጣው በእሱ ስለነበር ነው። በዚያው ከረጢት ሰርዶ ስሞላ ነው ያሰብኩት።) እስኪሰባበር ከደረቀ አይበቅልም። እርጥቡን ግን በምንም ዓይነት አጥር ሥር አትጣሉት።

ከዚያ በልጉን ጠበቅሁ። ብዙ ሰው በልግን ለመዝራት ነው የሚያስበው። እኔ ለመግደል ተጠቀምኩበት። በአፈር ውስጥ የ30 ዓመት የአረም ዘር አለ። ዝናብ ሲነካው ይበቅላል። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሲበቅል ተውኩት፤ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ በፀሐያማ ቀን ላይ ላዩን በመኮትኮቻ ፋቅሁት። ሚያዝያ ላይ ደገምኩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሠለስኩ። ቁልፉ «ላይ ላዩን» የሚለው ነው። ከሁለት ጣት በላይ ከጠለቃችሁ ከሥር ያለውን አዲስ ዘር ታወጡትና እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። መጋቢት ላይ በአንድ መዳፍ ስፋት 23 ቡቃያ ቆጥሬ ነበር። ግንቦት ላይ እዚያው ቦታ አራት ብቻ አገኘሁ።

አሁን ስለ ዘሩ። የመስክ ዘር በሱቅ ተዘጋጅቶ አላገኘሁም። ሦስት ቦታ ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ድርቆሽ ሻጮች ጋ ነው። ከተማ ውስጥ ላም ለሚያረቡ ሰዎች ድርቆሽ የሚሸጡ አሉ። ድርቆሹ ከተነሣ በኋላ ወለሉ ላይ የሚቀር ትቢያ መሳይ ነገር አለ፤ ጠርገው ይጥሉታል። እሱ ነው ወርቁ። ስበትነው ሰንበሌጥ፣ ማገጥ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው የሣር ዓይነቶች ዘር ሞልቶበታል። «ምን ይሠራልሻል?» እያሉ ሳቁብኝ እንጂ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ በነፃ ሰጡኝ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ድርቆሹ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከሱሉልታና ከሰላሌ በኩል የመጣው ለኛ ይስማማል፤ ቀበና ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ እነሱም ደጋ ናቸው። ከቆላ የመጣ ሣር እዚህ ብርዱን አይወድም።

ሁለተኛው አደይ ነው። በሳይንስ ስሙ ባይደንስ ማክሮፕተራ ይባላል። በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል፣ ፍሬውን ጥሎ የሚሞት ተክል ነው። ስለዚህ ዘሩ ሳይበስል ከለቀማችሁት ምንም አያገለግልም። መልቀሚያው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ነው። የደረቀውን ራስ በመዳፋችሁ ስታሹት ጠቆር ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀጭን ፍሬ ያለ ትግል ከረገፈ ደርሷል። ከያዘ ገና ነው። ከአንድ ቦታም ጠራርጋችሁ አትልቀሙ፤ ለዚያም ቦታ የከርሞ አበባው ነው። የወረቀት ከረጢት ውስጥ አኑሩት። በፌስታል ካቆያችሁት ይሻግታል። የኔ የመጀመሪያው ዓመት ዘር ግማሹ ሻግቶ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ከዘመድ ነው። አክርማና ሰንደዶ ከነሥራቸው፣ በአካፋ ቆርጬ፣ ከነአፈራቸው አመጣሁ። እነዚህ ከዘር ለማደግ ብዙ ይቆያሉ፤ እንዲህ ከነሥራቸው በጉንድሽ ሲተከሉ ግን ወዲያው ይይዛሉ። እማዬ አክርማውን ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። ወጣት ሳለች በአክርማና በሰንደዶ ሰፌድና ሙዳይ ትሰፋ ነበር። አንዱን ቅጠል መዝዛ በጥፍሯ ለሁለት ሰነጠቀችውና ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «ይሄማ ጠንካራ ነው» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ «ጦም ያደረው መሬት» ማለቷን ተወች። «አክርማዬ» ሆነ ስሙ።

ማገጥ ጠንካራ ቅርፊት አለው። ዘሩን እንዳለ ብትዘሩት ብዙው ሳይበቅል ይከርማል። በሁለት መዳፋችሁ መካከል ከሻካራ አሸዋ ጋር ለጥቂት ደቂቃ አሹት። ቅርፊቱ ሲጫር ውኃ ይገባዋል። ሁሉንም ግን አታሹ፤ ያልታሸው ለከርሞ ይቆይ።

የዘራሁት ሰኔ 2014 መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ቀደም ብላችሁ በመጀመሪያው ዝናብ ከዘራችሁ ቡቃያው ወጥቶ፣ ዝናቡ ሲቋረጥ ይጠወልጋል። አንድ ቆርቆሮ ዘር ከአምስት ቆርቆሮ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቀልኩ። አሸዋው ዘሩ እኩል እንዲበተን ይረዳል፤ ደግሞ የት እንደዘራችሁና የት እንዳልዘራችሁ በዓይን ያሳያችኋል። ግማሹን ከላይ ወደታች፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ እየሄድኩ በተንኩ። አፈር አላለበስኩትም። ትንንሽ ዘር ብርሃን ይፈልጋል፤ ከተቀበረ አይወጣም። የሰፈሩን ልጆች ጠርቼ በባዶ እግራቸው እንዲረግጡት አደረግሁ። ለዚህ ሥራ ከልጅ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ጉንድሾቹን በመጨረሻ በአንድ ክንድ ርቀት ተከልኩ። ከታች፣ ወንዙ አጠገብ ውኃ በሚተኛበት ቦታ ቄጠማ አደረግሁ።

ሐምሌ ላይ ሌላ ስህተት ሠራሁ። አረም እነቅላለሁ ብዬ ጭጎጊት የመሰለኝን ስነቅል አደዩን እየነቀልኩ ኖሯል። ዘመዳሞች ስለሆኑ ሲበቅሉ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱን እንዲህ ለዩት። የጭጎጊት ቅጠል ሰፋ ይላል፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። የአደዩ ተከፋፍሎ ቀጭን ይሆናል። ካልለያችሁ አትንቀሉ። እኔ ከዚያ በኋላ መንቀሉን ትቼ የረዘመውን አመድማዶ ብቻ ከአደዩ በላይ በማጭድ አናቱን ቆረጥኩ። በቂ ነበር። ተክል ለመለየት ከፈለጋችሁ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ እዩ፤ የአገራችን ተክሎች እዚያ በቁማቸው አሉ።

መስከረም 2015 መጣ። እንቁጣጣሽ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመን ወደ ታች አየን። ቢጫው ከአጥር አጥር አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። ከላይ በኩል ጥሩ ነው፣ መሃሉ ሳሳ ያለ ነው፣ አሮጌው የእበት ጉድጓድ አጠገብ አሉማ ብቻ ነው። ግን ከአደዩ ሥር ሐምራዊው ማገጥ እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግቷል። ቀረብ ብዬ አንዷን አበባ አየሁ። ንቧ እግሯ እስኪከብዳት ድረስ ቢጫ ዱቄት ተሸክማ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስትዘል ግንዱ በክብደቷ ጎንበስ ይልና ይመለሳል። የሰፈሩ ልጃገረዶች አበባቸውን ከኛ ጓሮ ለቀሙ። እማዬ «ከሥሩ አትንቀሉ፣ አናቱን ብቻ» እያለች ከላይ ሆና ታዛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አጨዳው። መስክ መስክ ሆኖ የሚቆየው በመዝራት አይደለም፣ በማጨድ ነው። ሳይታጨድ የቀረ መስክ ውሎ አድሮ ቁጥቋጦ ይሆናል። ቶሎ የታጨደ ደግሞ አደዩ ዘሩን ሳይጥል ይሄዳል፤ ከርሞ ባዶ ነው። የኔ መለያ ቀን ኅዳር 12 ነው፣ የኅዳር ሚካኤል። ምክንያቱ ሁለት ነው። በዚያን ጊዜ የአደዩ ፍሬ ረግፏል። ሁለተኛው እሳቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይጨሳል። የደረቀ ሣር ያለው ግቢ ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ከኅዳር 12 በፊት በአጥሩ ዙሪያ ሁለት ሜትር ስፋት አሳጭዳለሁ። መሃሉን ከዚያ በኋላ ነው።

«ሣሩን እዚያው አቃጥዪው፣ ይገላግልሻል» የሚሏችሁ ይኖራሉ። እሺ እንዳትሉ። እሳቱ መሬት ላይ የወደቀውን ዘር ይፈጀዋል፣ አመዱ ደግሞ ስታስጾሙት የከረማችሁትን መሬት መልሶ ያበላዋል።

ከታጨደ በኋላ ሦስት አራት ቀን እዚያው ይደርቃል። በመሃሉ አንዴ ይገለበጣል። ሲገለበጥ የቀረው ዘር ይራገፋል። ከዚያ ሁሉም ከግቢ ይወጣል፤ አንድ ጭብጥ እንኳ አይቀርም። ለኛ የምትወስደው ላም አርቢዋ ጎረቤታችን ናት። አጫጁን የምትከፍለው እሷ ናት፤ ድርቆሹን ትወስዳለች፣ እኛ ምንም አንከፍልም። እበቷን ልመልስላችሁ ስትል ግን በትሕትና እንቢ እላታለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ለገና የተገዛው በግ እዚያው ይታሰራል። በየቀኑ ካስማውን እያዛወርን ቃርሚያውን ይግጣል። ለመብል ብቻ አይደለም። ኮቴው መሬቱን ይጭራል፣ ክፍት ቦታ ይፈጥራል። ይህ እንደሚጠቅም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። 2016 ላይ አደዩ ቀነሰብኝ። ሣሩ ጠንክሮ መሬቱን ዘግቶት ነበር። አደይ በየዓመቱ ከዘር ስለሚነሣ ባዶ አፈር ይፈልጋል። አንድ ቦታ ግን እንደ ድሮው ደምቆ ነበር። ሄጄ ሳየው ፍልፈል አፈር የቆለለበት ነው። እማዬ ድንቿን ስለሚበላባት ዕድሜዋን ሙሉ የረገመችው ፍልፈል! ከዚያ ወዲህ ግንቦት ላይ እዚህም እዚያም ምንጣፍ የሚያህል ቦታ እየመረጥኩ በሬክ ሣሩን ጫር ጫር አደርጋለሁ። አደዩ ተመልሷል።

ጎረቤት ያማርራል፤ ተዘጋጁ። እባብ፣ ትንኝ፣ «አረም ሆነ እኮ ግቢያችሁ»። አንድ ደንብ አስከባሪም መጥቶ ግቢው አልፀዳም ብሎን ነበር። መፍትሔው ክርክር አልነበረም። ከቤቱ እስከ ታች የሚወርድ የአንድ ሜትር መንገድ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጠርዝ አሳጨድኩ። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ እሱን ብቻ እናጭዳለን። ጠርዙ አጭርና ንጹሕ ሲሆን መሃሉ ሆን ተብሎ እንደተተወ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ደንብ አስከባሪው ሁለተኛ ሲመጣ በመንገዱ እስከ ታች ወርዶ፣ አይቶ፣ ምንም ሳይል ሄደ። ትንኝ የሚራባው የቆመ ውኃ ላይ እንጂ ሣር ላይ አይደለም። የተከፈቱ ጎማና ባልዲ ካላችሁ እሱን ድፉ።

በበጋ ይደርቃል። ገለባ ይመስላል። በእነዚያ ወራት ለሚመጣ እንግዳ የሚያሳዩት ነገር የለም። አታጠጡት። ውኃ ያገኘ መስክ የሚያበረታው አረሙን ነው፤ ሰርዶም ከጎረቤት አጥር ሥር ተስቦ ይመጣል።

በዓመት ምን ያህል ሥራ እንደሚፈልግ ለምትጠይቁኝ፦ ኅዳር ላይ ሁለት ቀን አጨዳ፣ ግንቦት ላይ ግማሽ ቀን መጫር፣ ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ የአመድማዶ አናት መቁረጥ፣ የክረምቱ መንገድ። እማዬ ታርሰው በነበረ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን አይበቃውም ነበር።

ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከታች ይመጣል። እማዬ ሰፌድ ጀምራለች፤ ዓይኗ ስለደከመ ቀስ ብላ ነው፣ አክርማውን ግን ራሷ ትመርጣለች።

አሮጌው የእበት ጉድጓድ አጠገብ ያለችው ቦታ እስከ ዛሬ አልጾመችም። 20 ካሬ ብትሆን ነው። በየዓመቱ አሉማ ብቻ ይወጣባታል። ዘንድሮ ሰኔ ላይ እንደገና ገብስ ልዘራባት ነው። እማዬ ከአሁኑ በሶው ስንት ቁና እንደሚወጣው እያሰላች ነው።